ጉድና ጅራት ከወደኋላ

መኪናዬን ዲዳ ብሎ የሰደባት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ከሥራ ስንወጣ ሁለቴ ዞራት፣ ጣሪያዋን ዳበስ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን አየና "ቁንጅናዋስ ግሩም ነው" አለ። ያቺ "ስ" ናት ያስደነገጠችኝ። በአማርኛ "ቁንጅናዋስ" ተብሎ በሰላም ያለቀ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እንደፈራሁትም "ግን ዲዳ ናት" ብሎኝ ሄደ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝምታዋን ከጨዋነት ነበር የምቆጥርላት። ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ 300 ፈረስ በሆዷ ይዛ ቀስ ብላ የምትገባ፣ ቀስ ብላ የምትወጣ። ያን ዕለት ማታ ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ራሴን ያገኘሁት አልጋ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሰው መኪና ቂጥ ሳዳምጥ ነው። ባለቤቴ ነቅታ "ምን እየሰማህ ነው?" አለችኝ። ዘፈን ነው ብዬ ዋሸሁ። አንዱን ማዳመጫ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ አደረገችና ትንሽ ሰምታ መለሰችልኝ። ሌላ ሴት ቢሆን ይሻላት እንደነበር ከፊቷ አነበብኩ።

ለመሆኑ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማርሚታ ምን ይሠራል? እኔ ራሴ የተማርኩት ካስነቀልኩት በኋላ ነው። ሞተር ፍንዳታን በተራ የማስተናገድ ጥበብ ነው። የኔዋ 6 ሲሊንደር ስለሆነች በደቂቃ 2,000 ጊዜ ስትሽከረከር በሰከንድ 100 ጊዜ ትፈነዳለች። ማርሚታ ይህን ሁሉ ቁጣ ተቀብሎ በተበሳሳ ቱቦና በተከፋፈለ ጓዳ ያንከራትተዋል። አንዱን የድምፅ ሞገድ ከሌላው ጋር አጋጭቶ ሁለቱንም ያከስማቸዋል፤ የተረፈውን በውስጡ ለታጨቀው ቃጫ ያስውጠዋል። ጩኸትን በጩኸት አብርዶ ዝምታ የሚያወጣ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ነው እንግዲህ ገንዘብ ከፍዬ ያባረርኩት።

የማርሚታ ታሪክ ራሱ የቤተሰብ ጠብ ይመስላል። ሂራም ማክሲም የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 መትረየስ ሠርቶ ዓለምን አስጮኸ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም አደገና በ1909 ለጠመንጃ የድምፅ ማፈኛ ፓተንት አወጣ፤ ለሞተርም ማርሚታ ሠራ። አባት የለኮሰውን ልጅ ሲያፍን ማለት ነው። በኔ ቤት ነገሩ ተገልብጦ፣ መካከለኛ ዕድሜ ያለው አባት ሲያስጮህ የ12 ዓመት ልጁ "አባዬ፣ እባክህ ከትምህርት ቤቱ ራቅ ብለህ አውርደኝ" ይላል።

ግዢው ላይ ብዙ አልቆይም። የስፖርት ጭስ ማውጫ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው፤ የቀረው ምክንያት መፈለግ ብቻ ነው። እኔ የመረጥኩት ምክንያት ክብደት ነው። ታይታኒየም ከብረት በግማሽ ገደማ ይቀላል። "ዘጠኝ ኪሎ ይቀንስላታል!" አልኳት ባለቤቴን፣ መንገድ ላይ የወደቀ ወርቅ እንዳገኘ ሰው። ሆዴን አየችው። "ዘጠኝ ኪሎማ በነፃ እናገኛለን" አለች።

"ጉልበትስ ስንት ይጨምራል?"

እዚህ ላይ ትንሽ አሳለኝ። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የጭሱን መርዝ ከሚያጣራው ካታሊስት ወዲህ ያለውን ቱቦ መቀየር የሚያስገኘው ጉልበት በጣት የሚቆጠር ፈረስ ነው፤ እሱም ዕድል ከቀና። ካታሊስቱን ራሱን እንዳላወጣው ደግሞ ከበስተኋላው የተሰካ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። ካታሊስቱ ሥራውን ካቆመ ዳሽቦርድ ላይ መብራት አብርቶ ያሳብቃል። ሳይጣራ የቀረው ጭስ ደግሞ የሰው ሳንባ ነው የሚገባው፤ ያን ያህልስ አልከፋሁም። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳት፤ የሚጨምረው ድምፅ ነው። ዋጋውን ግን በሁለት ጊዜ ነው የነገርኳት፤ የቱቦውን ሰኞ፣ የማስገጠሚያውን ሐሙስ። ደምራ የጠራችኝ ዓርብ ነው።

ጋራዥ ውስጥ መኪናዋ ሽቅብ ስትሰቀል ከሥር ገብቼ ማየት ነበረብኝ። ሰው የሚወዳትን ነገር ከሥሯ ባያያት ጥሩ ነው። ዳዶዎቹ ዝገው ከቡሎናቸው ጋር አንድ አካል አንድ አምሳል ሆነዋል። መካኒኩ ዘይት ረጨባቸው፣ ጠበቀ፣ በእሳት አሞቃቸው፣ እንደገና ረጨ። ሁለቱ እያቃሰቱ ተፈቱ። ሦስተኛው "ቋ!" ብሎ ተሰበረ። መካኒኩ የተሰበረውን ራስ መዳፉ ላይ አገላብጦ እያየ "አይዞህ ጋሼ፣ ይሄ ያለ ነው" አለኝ። በዓለም ላይ እንደ "ይሄ ያለ ነው" ሒሳብ የሚያስጨምር ቃል የለም። ከዚያ የላስቲክ ማንጠልጠያዎቹን የሳሙና ውሃ እየቀባ አሾልኮ አወጣቸውና አሮጌውን ማርሚታ አውርዶ አሳቀፈኝ። ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። በዕቅፌ ይዤው ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጠው ግራ ገባኝ። ስንት ዓመት ጉዴን ደብቆ የኖረ ዕቃ ወለል ላይ አይጣልም።

አዲሱን ከማስነሳታችን በፊት መካኒኩ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ወለወለው። የጣት አሻራ ከቀረበት በሙቀቱ ተጠብሶ እዚያው እንደሚታተም ነገረኝ። እኔም ለሕፃን እንደሚጠነቀቅ ሰው ባልታየ ጊዜ አንድ ቦታ ደግሜ ወለወልኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ጋራዡ ውስጥ የተሰቀለ ቁልፍ ሁሉ ተንሿሿ፣ ከጥግ ድመት ተፈናጥራ ወጣች፣ መካኒኩ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለው ግን አይሰማም።

ደስታዬን አልክድም። መስኮት ከፍቼ በመጀመሪያው ዋሻ ውስጥ ሳልፍ ፀጉሬ ቆመ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ከኋላ "ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጧ!" ይላል። ሞተሩ ውስጥ ሳይቃጠል ያለፈ ነዳጅ ትኩሱ ቱቦ ውስጥ ሲደርስ ነው የሚፈነዳው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ የኔዋ ሳትበላው ለተረፈው ነው የምትጮኸው። ይህ ደስታ እንግዲህ 11 ደቂቃ ቆየ። አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቼ ፍጥነቴን ሳረጋጋ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ላይ ተቀመጠ። ያ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመጣ ጉምጉምታ መኪናዋን ከውስጥ እንደ ከበሮ ይዟት ተቀመጠ። ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ጥርስ ይሰማዋል። እናቴ ደወለችልኝ። "ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ማርሚታ ለካ የሚሸፍነው የሞተሩን ገመና ብቻ አልነበረም። የኔንም ኖሯል። የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ "መንገድ ላይ ነኝ" የምትባለው ውሸት ናት፤ አልጋ ላይ ሆኖ፣ አንድ እግር ካልሲ ውስጥ አስገብቶ የምትነገር። ለኔ ቀረች። "መንገድ ላይ ነኝ" ስል "ታዲያ ለምን አትሰማም?" ይሉኛል። ማታ ስገባ ባለቤቴ "በዋናው መንገድ አልመጣህም፤ በዳገቱ ነው። ማርሽ ስትቀንስ ሰምቼሃለሁ" ትላለች። አለቃዬ ሰዓት ማየት ትቷል፤ ብርጭቆው ሲንቀጠቀጥ መዘግየቴን ያውቃል። ቤት የለም ማስባልም አልችል፣ ቀድሜያችሁ ነበር የመጣሁት ማለትም አልችል። ለመታየት ብዬ የገዛሁት ነገር እንዲህ አድርጎ ነው ያሳየኝ።

ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ደጅ ላይ አስቆሙኝ። "ልጄ፣ መኪናህን ምን ነካት? ሳሏ ጠንቷል እኮ። ሳይብስባት ብታሳያት።"

"ደህና ናት እትዬ። አስገጥሜላት ነው።"

"ማንን?"

"ድምፁን። ከፍዬ ነው።"

ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። "እግዜር ይማርህ" ብለው ገቡ።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር ግን በእግዜር አላለፉኝም። እኔ ሻጩ እንዳለኝ "ጋሼ፣ የጨመረው እኮ 10 ዴሲቤል ብቻ ነው" አልኳቸው። ያቺን "ብቻ" ባልናገር! በማግስቱ ደረጃው ግድግዳ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። 3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሲጨምር ጉልበቱ 10 እጥፍ፣ ለጆሮ ደግሞ እጥፍ ያህል ይሆናል ይላል። ከሥሩ "መልመጃ" የሚል አለ፤ "አንድ ሰው ጎረቤቶቹን ከጠዋቱ 12 ሰዓት በ10 ዴሲቤል ቢቀሰቅስ ስንት ወዳጅ ይቀረዋል?" አንዱ ልጅ በእርሳስ "ዜሮ" ብሎ መልሷል። በትክክል ምልክት ታርሞለታል።

ራሴን ለመከላከል ያልሞከርኩት የለም። የተሳሳተው ዓለም ነው አልኩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ደንብ ለክብደታቸው ጉልበት የበዛባቸውን የስፖርት መኪኖች ከ75 ዴሲቤል በደረጃ ወደ 72 እንዲወርዱ አዘዘ። ያው ኅብረት ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች እግረኛ እንዲሰማቸው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ድምፅ ያሰሙ አለ። ጯሂውን ዝም በል፣ ዝምተኛውን ጩህ! ቢኤምደብሊው እንኳ በ2011 ባወጣው ኤም 5 ላይ የሞተሩን ድምፅ በስፒከር ለሹፌሩ ያሰማ ጀመር። ዶጅ ደግሞ የነዳጅ ሞተር ለሌላት የኤሌክትሪክ መኪናው 126 ዴሲቤል የሚደርስ የጭስ ማውጫ ድምፅ ሠራሁ ብሎ በ2022 አስተዋወቀ፤ ጭስ ለሌላት መኪና! ይህን ሁሉ በደረጃው ላይ ለመምህሩ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። "ስፒከሩስ መዝጊያ አለው፤ ያንተው የት ነው የሚዘጋው?" አሉኝ።

መዝጊያ ያለውም አለ፤ ቱቦው ውስጥ ትንሽ በር ተገጥሞ ሹፌሩ ቁልፍ ሲጫን ጭሱ በማርሚታው ዞሮ እንዲወጣ የሚያደርግ። እኔ የገዛሁት በር የለውም። በር ያለውን አልፈልግም፣ እውነተኛ ሰው በር አያስፈልገውም ብዬ ለሻጩ የተናገርኩት ራሴ ነኝ።

የሚያሳፍረው የጠዋቱ ነው። ሞተር በብርድ ሲነሳ ካታሊስቱ ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ከወትሮው ከፍ አድርጎ ይሽከረከራል። ስለዚህ መኪናዋ በጣም የምትጮኸው ሰው ሁሉ በተኛበት፣ እኔም ገና ባልነቃሁበት ሰዓት ነው። ምን ላድርግ? ግቢያችን ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ባለቤቴን ለመንኳት፤ በፒጃማ ወርዳ መሪውን ያዘች፣ እኔ ማርሹን ዜሮ አስደርጌ ከኋላ ገፋሁ። ባለ 300 ፈረሷን መኪና አንድ ሰው ሲገፋት አስቡት፤ ያቺ የወለወልኳት የታይታኒየም ቧንቧ በጉልበቴ ትይዩ ታብለጨልጫለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ዘጠኝ ኪሎው መቅለሉ ያኔ ነው የጠቀመኝ።

በአራተኛው ጠዋት የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ተከፈተ። መምህሩ ጋቢ ደርበው ብቅ አሉ።

"ምን ሆነህ ነው የምትገፋት? ተበላሸች?"

"አይ ጋሼ፣ እንዳትነቁ ብዬ ነው" አልኩ በሹክሹክታ።

"እኔ እኮ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ አሁን ጮኸች፣ አሁን ጮኸች እያልኩ ስጠብቅህ ነው ያለሁት። ሦስት ቀኔ እንዲህ ስሆን!"

የምድር ቤቱም መስኮት ተከፈተ። "እኔም" አሉ እትዬ።

"በል አስነሳትና እንገላገል" አሉ መምህሩ፣ "ሰምተን እንተኛበት።"

ባለቤቴ ከመሪው ላይ ሆና ዞራ አየችኝ። ቁልፉን አዞረችው።