ለዊን ቴት ኡ ያልተከፈተው በር

ስፖርተኛ መንግሥቱ በሠራው ሥራ አይጠየቅም። ይህቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በዲሴምበር 2025 የሩሲያና የቤላሩስ ታዳጊዎች ባንዲራቸውን ይዘው ይወዳደሩ ብሎ ሲመክርም መንፈሱ ይኸው ነበር። በሐሳቡ ጠብ የለኝም። ልጅ በአባቱ ዕዳ አይያዝም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ይህንን የሚሰብኩን ሰዎች እኮ በ2021 አንድ ዋናተኛ ራሱን ከአገሩ ገዢዎች ነጥሎ በራቸውን ሲያንኳኳ አልከፈቱለትም።

ዊን ቴት ኡ የበርማ፣ ዛሬ ሚያንማር የምትባለው አገር፣ ልጅ ነው። ያኔ 26 ዓመቱ ነበር፤ የሚኖረውም የሚለማመደውም ሜልቦርን ነው። ርቀቱ 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ። በ2019ኙ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች በ22.62 ሰከንድ ገባ። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ሁለት ሚኒማ ነበር፣ በቀጥታ የሚያሳልፈው ከባዱ 22.01፣ ግብዣ የሚያስጠብቀው ደግሞ 22.67። ሁለተኛውን በአምስት መቶኛ ሰከንድ አለፈ። ይህ ርቀት እንዴት እንደሚዋኝ ልብ በሉ። ከመነሻው ትወረወራለህ፣ አንዴ ተንፍሰህ ወይም ጭራሽ ሳትተነፍስ ማዶ ያለውን ግድግዳ ትነካለህ፣ አለቀ። አምስት መቶኛ ሰከንድ ማለት ጣትን ዘርግቶ በመንካትና አጠፍ አድርጎ በመንካት መሀል ያለች ነገር ናት። ለእሷ ነው ሰው ዓመታት ሙሉ በሌሊት እየተነሳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚገባው።

ይህን ሰዓት በእጁ ይዞ ነው አልሄድም ያለው። ፌብሩዋሪ 1 ጄኔራሎቹ ሥልጣን ያዙ፣ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፣ ተተኮሰበት። ቶኪዮ ላይ ችቦው ሲለኮስ፣ የአገሪቱ የመብት ተሟጋቾች እንደመዘገቡት፣ የሞቱት ከ900 አልፈው ነበር። ዊን ቴት ኡ ኤፕሪል ላይ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ በወገኖቼ ደም በተነከረ ባንዲራ ሥር አልሰለፍም አለ።

ዋናውንስ አልጠላም። ገለልተኛ ሆኜ ልዋኝ ብሎ ጠይቋል። ያኔ ፊና ይባል የነበረው የዓለም ዋና ፌዴሬሽን አይሆንም አለው፤ የአገርህ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ካላስመዘገበህ መንገድ የለም ነው ነገሩ። በአማርኛ ሲተረጎም፣ ሂድና ከሸሸሃቸው ሰዎች ፈቃድ ይዘህ ና።

ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ ይህንኑ ሳነሳ አንድ ወዳጄ ምን አለኝ? ቢሄድስ ምን ሊያመጣ ነበር፣ መጨረሻ ወጥቶ ይመለሳል እንጂ። ቡናውን ትቼ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። በመጀመሪያ፣ ነገሩ እውነት አይደለም። በቶኪዮ ማጣሪያ ከ25 ሰከንድ በላይ የፈጀባቸው ዋናተኞች ነበሩ። አሜሪካዊው ካሌብ ድሬሰል ወርቁን የወሰደው በ21.07 ነው፤ ከዊን ቴት ኡ ሰዓት ጋር ልዩነቱ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። ደግሞስ የማያሸንፍ ሰው መስዋዕትነቱ ይቀላል ያለው ማነው? ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ ክንዱን ሲያጣምር ዓለም ያየው ሁለተኛ ሆኖ ስለገባ ነው፣ ካሜራው ሁሉ እዚያ ነበር። የዊን ቴት ኡን ዝምታ የሚቀርጽ ካሜራ አልነበረም። ሚያንማር በኦሎምፒክ ታሪኳ አንድም ሜዳሊያ የላትም። ከእንደዚያ አገር ለሚመጣ ልጅ በመክፈቻው ምሽት ስታዲየም መግባቱ ራሱ ሜዳሊያው ነው። የመለሰው እሱን ነው። ሌላ ምን ነበረው?

ወደ ሕጉ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሕጉ ነው የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። በ1992 ባርሴሎና ላይ ዩጎዝላቪያ ማዕቀብ ላይ ነበረች፣ ስፖርተኞቿ ግን በግል ተወዳደሩ፣ ሜዳሊያም ወሰዱ። በ2000 የምሥራቅ ቲሞር ልጆች በግል ሲድኒ ገቡ። በ2012 ጉዎር ማሪያል የተባለው የደቡብ ሱዳን ሯጭ ለሱዳን ሩጥ ሲባል ወገኖቼን ለገደለ አገር አልሮጥም አለ፤ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው በኦሎምፒክ ባንዲራ ሥር ማራቶን እንዲሮጥ ተፈቀደለትና 47ኛ ወጣ። ማንም መጨረሻ አካባቢ ነው የሚገባው ብሎ አልከለከለውም። በ2016 የኩዌት ኮሚቴ ታግዶ ሳለ ፈሃይድ አል ዲሃኒ በግል ተኩሶ ወርቅ ወሰደ። በ2024 ፓሪስ ላይ 32 ሩሲያውያንና ቤላሩሳውያን በገለልተኛነት ገቡ፣ ዋናተኞችም ነበሩበት። እና ለአንድ ልጅ ሲሆን በሩ ተቆለፈ?

የደቡብ ሱዳን ኮሚቴ ገና አልተቋቋመም ነበር፣ የኩዌት ታግዷል፣ የሚያንማር ግን አልታገደም ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ያልታገደው ማን ስላላገደው ነው? የማገድ ሥልጣኑ ያለው ራሱ ዓለም አቀፉ ኮሚቴ አይደል እንዴ! ቁልፉን ኪሱ ከቶ በሩ ተዘግቷል የሚል ሰው አምኜ አላውቅም። ሚያንማርን ወክለው የሄዱት አንድ የባድሜንተን ተጫዋችና አንድ ተኳሽ ናቸው። በእነሱ አልፈርድም፣ ያሉበትን እነሱ ያውቁታል። የምፈርደው በጄኔራሎቹና በዋናተኛው መሀል ቆሞ የጄኔራሎቹን ወረቀት በመረጠው ቢሮ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ የኪርስቲ ኮቨንትሪ ነገር ነው። ዛሬ የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ናት። ዋናተኛ ናት፣ በ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ አቴንስም ቤጂንግም ወርቅ ያጠለቀች። መነሻው ላይ ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሆነ ሊያስረዳት የሚችል ሰው የለም። በ2021 ለዚያ ልጅ አይሆንም ሲባል የአትሌቶች ኮሚሽን ሊቀመንበር ማን ነበር? እሷ ነበረች። የስፖርተኛው ድምፅ እንድትሆን የተመረጠችው እሷ ናት። አሁን ስፖርተኛን በመንግሥቱ ሥራ አንቀጣም ስትል፣ በመንግሥቱ ሥራ አልተባበርም ያለውንስ ልጅ ለምን ቀጣችሁት ብሎ የሚጠይቃት ጋዜጠኛ ይጥፋ?

ዊን ቴት ኡ ቶኪዮም አልዋኘ፣ ፓሪስም አልዋኘ። ለአጭር ርቀት ዋናተኛ እነዚያ ዓመታት አይመለሱም፤ ማንም ሊመልስለት አይችልም። የሚቻለው አንድ ደብዳቤ ነው። ያኔ ተሳስተናል የሚል፣ የፕሬዚዳንቷ ፊርማ ያለበት። እስኪጻፍ ድረስ ስለ ስፖርተኛ መብት የሚያወጡትን መግለጫ ሁሉ አልቀበልም።