ማስተካከያ፦ 24ቱ ክሬዲት በየዓመቱ ሳይሆን በየሁለት ዓመቱ ነው

ባለፈው ጽሑፌ አሜሪካ ያሉ የራጅ ባለሙያዎች በየዓመቱ 24 የተከታታይ ትምህርት ክሬዲት ማሟላት አለባቸው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። በኤአርአርቲ (የራጅ ባለሙያዎችን በሚመዘግበው የአሜሪካ ተቋም) የተመዘገባችሁ 24ቱን የምታሟሉት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ለሚያጠና ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) የምትሠሩ ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለባችሁ፦ በ36 ወር 15 ክሬዲት፣ በ24 ወር 200 ምርመራ። የምርመራው ቁጥር ከጎደለ ንባብ አይተካውም። ብቻችሁን ወደ ሥራ ከመመለሳችሁ በፊት፣ ብቁ ባለሙያ አጠገባችሁ ቆሞ እያየ ቢያንስ 25 ምርመራ ትሠራላችሁ። ይሄ ተገቢ ነው እላለሁ። የተጨነቀች ታካሚን ትከሻ ማላላት፣ ሰሌዳው ላይ የተጣጠፈ ቆዳን በጣት ማቃናት ከስላይድ አይለመድም።

የቀድሞውን ቁጥር ለባልደረባ ያካፈላችሁ፣ እባካችሁ ይሄንንም አድርሱልኝ።