«በ35 ደቂቃ የሚደርስ» የሜክሲኮ የሥጋ ወጥ፦ ኧረ የማን ደቂቃ ነው?

አንጀቴ አሮ ነው የምጽፈው። ካርኔ ጊሳዳ የሚባለውን የሜክሲኮ የበሬ ሥጋ ወጥ በፕሬዠር ኩከር (እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት) ለመሥራት ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ከላይ በደማቁ «35 ደቂቃ» ይላል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው! 35ቱ ድስቱ ግፊት ከያዘ በኋላ የሚቆጠረው ብቻ ነው። መረቁ እስኪሞቅና እንፋሎቱ እስኪጠራቀም የሚሄደው ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የትም አልተጻፈም። ሥጋው ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ሰዓቱ ሞልቶ ሲጮህም አላለቀም። ቫልቩን ወዲያው ከፍታችሁ እንፋሎቱን ብትለቁት ሥጋው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአንዴ ይገነፍልና ሥጋው ይደርቃል። ስለዚህ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ 15 ወይም 20 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ይህችን ታች አንድ መስመር ውስጥ ሸጉጠዋታል።

ሥጋውን ማጥበሱንስ? «5 ደቂቃ» ይላሉ። አንድ ኪሎ ተኩል ወርች በ5 ደቂቃ ማን ጠብሶ ያውቃል? አንዴ ከተከመረ ውኃውን ይለቅና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በትንሽ በትንሹ እያወጡ እያስገቡ ነው የሚሠራው። ውኃ በማይተንበት ዝግ ድስት ላይ ደግሞ ለክፍት ድስት የሚሆን አራት ኩባያ መረቅ ያስጨምራሉ፤ ሲከፈት ሾርባ ነው። እንዳይቀጥን ዱቄት አስቀድሞ የጨመረ ሰው ሥሩ ይይዝበትና ማሽኑ «ተቃጠለ» ብሎ መሥራቱን ያቆማል። ያለው መንገድ ክዳኑን ከፍቶ እስኪወፍር እንደገና ማንተክተክ ነው። ይሄም አልተቆጠረም።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ። እዚህ ውኃ በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና ምግብ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ በፕሬዠርም ቢሆን ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ያህል ጊዜ ይጨመራል። ሜክሲኮ ሲቲ ራሷ 2,240 ሜትር ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት! የዚያን አገር ምግብ እያስተማሩ ስለ ከፍታ አንዲት ቃል አይተነፍሱም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የቃሪያው ነገር ነው። ጊዜውን ለማሳጠር ብለው ጓሂዮና አንቾ የሚባሉትን ደረቅ ቃሪያዎች አውጥተው ከሙንና ነጭ ሽንኩርት የተቀላቀለበትን የሱፐርማርኬት የቃሪያ ዱቄት ያስገባሉ፣ ከዚያ «የሜክሲኮ ትክክለኛ ጣዕም» ይላሉ። አብራኝ የምትሠራ ሜክሲኳዊት ስታዘጋጅ አይቻለሁ፦ ፍሬውን ታራግፋለች፣ ኮማል በሚሉት ምጣድ ላይ እንዳያር እያገላበጠች ታምሳለች፣ በሙቅ ውኃ ታርሳለች፣ ትፈጫለች፣ ታጠላለች፣ ከዚያ ዘይት ላይ ታቁላላዋለች። ወጡ ያ ነው! በርበሬ ያዘጋጀች እናት ያሳደገችው ሰው ይህ ልፋት ምን እንደሆነ ያውቃል። የእኛ በርበሬ ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነውና ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የሰው ባህል ላይ ቀልደው ስሙን ብቻ አስቀርተው መሸጣቸው ያንገበግበኛል።

ድስቱን አልወቅስም። ጅማታም ሥጋን በክፍት ድስት ከሚፈጀው ሰዓት በጣም ባነሰ ጊዜ ያለሰልሳል፣ ብዙ የሜክሲኮ ቤቶችም ቦሎቄያቸውን የሚቀቅሉት በዚሁ ነው። የምወቅሰው ጻፊዎቹን ነው። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ወጥታ ልጆቿን በ12 ሰዓት ተኩል ልታበላ ያሰበች እናት ይህን 35 ደቂቃ አምና ትጀምራለች። ልጆቹ እየተነጫነጩ ብስኩት በልተው ይተኛሉ፣ እሷም «እኔ ነኝ የማልችለው» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም!

እባካችሁ ሽንኩርት ከመላጥ ጀምሮ ገበታ እስኪቀርብ ያለውን ሰዓት ጻፉ። ሁለት ሰዓት ከሆነ ሁለት ሰዓት በሉን፤ ቅዳሜ እንሠራዋለን።