የሞተ ሊቲየም ባትሪ ፍሪዘር ውስጥ አይነሳም

ወዳጄ፣ «ሙሉ በሙሉ ያለቀ መጠባበቂያ የሊቲየም ባትሪ ፍሪዘር ውስጥ ካደረ ይነሳል» ያልከውን ማረም አለብኝ። ብዙ ሰው የሚደጋግመው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ቅዝቃዜ ባትሪ ውስጥ ኃይል አይጨምርም። እንዲያውም ከ0 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪን ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ያበላሸዋል። ከፍሪዘር ሲወጣ የሚይዘው እርጥበትም ሌላ ጣጣ ነው።

«ሞተ» የሚባለው ባትሪ ብዙ ጊዜ አልሞተም። የሴሉ (ባትሪው ውስጥ ኃይል የሚይዘው ክፍል) ቮልቴጅ 2.5 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ሰርኪዩት መስመሩን ይዘጋዋል። ያኔ መሣሪያው ምንም ምልክት አያሳይም። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። በራሱ ቻርጀር ሰክተህ፣ ሳትርቅ፣ ለጥቂት ሰዓታት ተወው። ደህና ቻርጀር መጀመሪያ የሚሰጠው በጣም ትንሽ ከረንት ነው፤ መደበኛውን የሚለቀው ቮልቴጁ ወደ 3 ሲጠጋ ነው። ስለዚህ በ5 ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ካልበራ ተስፋ አትቁረጥ።

ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ለወራት የተቀመጠ ከሆነ ግን እርሳው። ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ መልሶ እየተጋገረ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ በሌላ ባትሪና በሽቦ «መቀስቀስ» የሚሉት ነው። መከላከያውን ዘሎ ስለሚያልፍ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ እባክህ ለማንም አትምከር። ያበጠ ወይም የሚሸት ባትሪ ካየህ ጭራሽ አትሰካው፣ አትብሳውም። ከሚቀጣጠል ነገር አርቀህ ለባለሙያ ስጠው።