ዕድሩ ዳኛውን ይመርጣል፤ ቀበሌውስ?

ባለፈው የዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው ተናገሩ። «የዛሬ ልጆች ለአገር ጉዳይ ግድ የላቸውም። ምርጫ ሲባል ካርድ አያወጡም። ስብሰባ ሲባል አይመጡም። ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ላይ ናቸው» አሉ። ብዙው ሰው «ልክ ነው» አለ። እኔም ያኔ ልክ መስለውኝ ነበር።

ከስብሰባው ወደ ቤት ያደረሰኝ ባጃጅ ነጂ የሰፈራችን ልጅ ነው። 22 ዓመቱ ነው። «አንተስ ካርድ ታወጣለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ይሄ መንገድ እንዲሠራ ነው» አለኝ። «መንገዱን የሚወስነውን ሰው የምመርጥበት ካርድ ካለ አሁኑኑ አወጣለሁ።»

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው የልጁ ነገር ይገባዋል። ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርዱት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃ ብቻ ይሆናሉ። ባጃጅ ይሰምጣል። ነፍሰ ጡር በሸክም ትወጣለች። ባለፈው ክረምት እነዚህ ልጆች በቴሌግራም ግሩፓቸው ተጠራሩ። በቴሌብር ገንዘብ አዋጡና አንድ ሲኖትራክ ገረጋንቲ አስመጡ። እሑድ ጠዋት አካፋ ይዘው ወጥተው ደለደሉት። ማን ስንት እንዳዋጣና በስንት እንደተገዛ እዚያው ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። ፎቶውን አይቼዋለሁ።

ለአገር ጉዳይ ግድ የለውም የተባለው እንግዲህ ይሄ ልጅ ነው።

የፖለቲካ ተሳትፎ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የምርጫ ቀን ሰልፍ ነው። ሰልፉን አልንቅም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ከንጋት በፊት ከተሰለፉት አንዱ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የቴሌቪዥን ክርክር ሲኖር ሰው ቡና እያፈላ በየቤቱ ይሰበሰብ ነበር። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አልቆ ክርክሩ አያልቅም። የዚያን ቀን ወረቀቱን ሳጥፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ የሆነውን፣ የሞተውን ሰው፣ የታሰረውን ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ያ ቀን ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ቢሆንም የሰልፍ ርዝመት ብቻውን ሊያታልል ይችላል። ግንቦት 2007ን አስታውሱ። ድምፅ የሰጠው ሰው ከተመዘገበው ከ90 በመቶ በላይ ነው ተባለ። ያኔ ገዥ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ። በወረቀት ደረጃ ከዚህ በላይ የተሳተፈና ከዚህ በላይ የረካ ሕዝብ የለም። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ ጊንጪ ውስጥ ተማሪዎች ወጡ። ተቃውሞው ኦሮሚያን አዳረሰ። ብዙ ወጣት ሞተ። ተቃውሞ የተነሳበት የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ጥር ላይ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 2010፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቃቸውን ተናገሩ። ያ ሁሉ ምሬት 90 በመቶው ውስጥ ነበረ። ቁጥሩ ግን ደብቆት ነበር።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ይደብቃል። ተሳትፎው የሚሰላው ከተመዘገበው ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ ከነጭራሹ ካርድ ያላወጣው ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም። በ2013ቱ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ሰኔ 14 ቀን ብዙ ቦታ እስከ ማታ ድረስ ሰልፍ ነበር። በእኛው ክልል በኦሮሚያ ግን ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ «ቢሯችን ተዘጋ፣ አባሎቻችን ታሰሩ» ብለው ከውድድሩ ውጪ ነበሩ። የሚመርጠውን ያጣ ሰው ቤቱ ቢቀር ሰነፍ ልንለው አይገባም።

ጎረቤታችን ኬንያም ያው ነው። ለነሐሴ 2014ቱ ምርጫ የተመዘገበው የወጣት ቁጥር ከቀደመው ምርጫ አነሰ። ትልልቆቹ «ይሄ ትውልድ ፖለቲካ አይገባውም» አሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሰኔ 2016፣ እነዚያው ወጣቶች መሪ ሳይኖራቸው በቲክቶክና በኤክስ ተጠራርተው አዲሱን የግብር ሕግ በመቃወም አደባባይ ሞሉ። ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ፓርላማው ያጸደቀውን ሕግ አልፈርምም አሉ። ነገር ግን ልጆች በጥይት ወደቁ። ዝም ያለ ወጣት ግድ የለውም ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ይህን ያህል ዋጋ መከፈል አልነበረበትም።

አሁን ወደ ባጃጅ ነጂው ልጅ ልመለስ። የእሱ ጥያቄ የመንገድ፣ የቦይ፣ የመብራት ፖል ጥያቄ ነው። ይህ ሁሉ የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ጉዳይ ነው። የእነዚህ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። በአምስት ዓመቱ፣ በ2010፣ መደገም ነበረበት። ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። በ2013 እዚህ ድምፅ የሰጠነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነው። በ2005 ይህ ልጅ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እሱም እኩዮቹም የቀበሌያቸውን ምክር ቤት መርጠው አያውቁም። መንገዱን ለሚሠራለት ሰው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሳይኖር «ለምን አትሳተፍም?» ብለን እንቆጣዋለን።

ዕድራችንን እዩት። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ በየሁለት ዓመቱ እጅ እየወጣ ይመረጣሉ። የቀረ ሰው ይቀጣል። (አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ድምፅ ያልሰጠን ዜጋ ትቀጣለች፤ እኛ በዕድር የለመድነውን ማለት ነው።) አምና ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጊዜ አላቀረበም። አጀንዳ ተያዘ፣ ተጠየቀ፣ መልሱ አላረካንም። በዚያው ቀን ሌላ ሰው ተተካ። ማንም አልተሰደበም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። እኛ ይህን መብት በድንኳንና በወንበር ጉዳይ እንጠቀምበታለን። በውኃና በመንገድ ጉዳይ ግን ዝም ብለናል።

ቴሌግራሙ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ግሩፑ አንድ ሲኖትራክ ገረጋንቲ ያስመጣል፤ አስፋልት አያስመጣም። በጀት የለውም። መሐንዲስ አይቀጥርም። ደግሞ ያ ስልክ በአንድ ሌሊት ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያባላ አይተናል። ልጆቹ ይህን እኛ ሳንነግራቸው ያውቁታል። ለዚህ ነው ልጁ «ካርድ ካለ አወጣለሁ» ያለኝ።

ስለዚህ ለቅስቀሳ ወደ ሰፈራችን የሚመጣን ዕጩ ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ አንድ ነገር እንጠይቀው እላለሁ። የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ መቼ ነው? ስለ ፋብሪካና ስለ ልማት ከመስማታችን በፊት የዚህን መልስ እንስማ።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ የነገርኩት ለእኚያው አባት ነው። ቤታቸው ሄጄ ቡና ቀረበልን። በ2005 ድምፅ እንደሰጡ ያስታውሳሉ። ዓመቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ሲኒውን አስቀመጡና «ታዲያ አሁን ያሉትን ማን መረጣቸው?» አሉኝ። እኔም የአንዳቸውን ስም እንኳ ልነግራቸው አልቻልኩም።