ሲጋሩ ስም አለው፣ ገዢው ግን የለውም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የንግድ ባለሙያ ስለ ሲጋር ኩባንያዎች የሽያጭ ወሬ ሲጠየቁ፣ ወሬውን የሚያናፍሱት ሥራ ፈቶች ናቸው አሉ። ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ የሚለው ነገር ለአጫሹ ምንም እንደማይጨምርለትም ነገሩን። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው ብለውም ሳቁ። እኔ ሲጋር አላጨስም፤ ሽታውም ራሴን ያመኛል። ሳቃቸው ግን ከሽታው ይልቅ አመመኝ።

ባለሙያው ሃባኖስን ረስተውታል፤ ወይም እንድንረሳው ፈልገዋል። የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚሸጠው የዚህ ኩባንያ ግማሽ ድርሻ የኩባ መንግሥት ነው። ሌላውን ግማሽ ይዞ የነበረው የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ብራንድስ፣ በሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ድርሻውን ከሌሎች የሲጋር ንብረቶቹ ጋር በ1.04 ቢሊዮን ዩሮ ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ለማን? አላይድ ሲጋር ኮርፖሬሽን ለሚባል፣ ገበያው ሰምቶት ለማያውቅ ኩባንያ። ከጀርባው ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው ሲባል መልስ አልነበረም። ታዲያ ወሬውን የወለደው ሥራ ፈቱ ነው ወይስ ዝም ያለው ሻጭ?

ከኩባ ሲጋሮች አንዱ የሆነውን የኮሂባን ሳጥን አንሥታችሁ ገልብጡት። ከግርጌው የተጠቀለለበት ፋብሪካ ምልክትና የታሸገበት ወርና ዓመት ታትሞበታል። ጎኑ ላይ የኩባ መንግሥት የዋስትና ማኅተም ተለጥፏል፤ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም እውነተኛ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። እያንዳንዱ ሲጋር ወገቡ ላይ የስሙን ቀለበት ታጥቋል። አስመስሎ የተሠራ እንዳይሸጥ ነው ይሉናል፤ መልካም። እንግዲህ የአንዲት ሲጋር ትውልድ እስከዚህ ድረስ ተቆጥሮ ሲያበቃ፣ የቤቱን ግማሽ የገዛው ሰው ስም የንግድ ምስጢር ነው መባሉ ምን ዓይነት ቀልድ ነው? እኛ ዘንድ እንኳ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ሲሸጥ ገዢው ጃፓን ቶባኮ፣ ዋጋውም 510 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰማይ አልተደፋም።

ለአጫሹ ምንም አይጨምርለትም? ዋጋ ጨመረለት! በ2022 የኮሂባና ትሪኒዳድ የሚባለው ሌላው የኩባ ሲጋር ዋጋ በመላው ዓለም በሆንግ ኮንግ ዋጋ ልክ እንዲሆን ተደረገ፤ በአንዳንድ አገሮች ከእጥፍ በላይ ዘለለ። የምርት እጥረት እንደነበር አልክድም። የሃባኖስን ድርሻ የገዙት የእስያ ባለሀብቶች ናቸው እየተባለ ሲወራ ከርሞ መለኪያው ሆንግ ኮንግ መሆኑ ግን አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ፣ እሱ ከእኔ የበለጠ የዋህ ነው።

በጥቅምት 2025 ደግሞ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የካምቦዲያውን ባለሀብት ቼን ዢን በግዙፍ የኢንተርኔት ማጭበርበር ከሰሰ። የሰውየው ስም ከዚሁ ከሃባኖስ ድርሻ ጋር ተያይዞ ተዘገበ። የሰውየው ድርጅት ክሱን አስተባብሏል፤ ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ግን በ2020 መነገር የነበረበትን ስም ከአምስት ዓመት በኋላ ከወንጀል ዜና ሥር መልቀማችን ነው።

በኩባ የሲጋር ፋብሪካዎች ከ1865 ጀምሮ የቆየ ልማድ አለ። ሲጋር የሚጠቀልሉት ሠራተኞች ተደርድረው ሲሠሩ አንድ አንባቢ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከዚያም ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። የወደዱት እንደሆነ ቅጠል የሚቆርጡበትን ቻቬታ የሚባል ስለት ጠረጴዛው ላይ ያንኳኩለታል። ካልወደዱት ወለሉ ላይ ይጥሉታል። ባለሙያው እዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ግማሻችሁን ማን እንደገዛው ምን ቸገራችሁ፣ ቅጠሉ ያው ነው ቢሏቸው የትኛውን ድምፅ እንደሚሰሙ መገመት አያቅተኝም።