ከስሮ መክበር

ለዘመናችን ከሳሪዎች እጅ እነሳለሁ። የድሮዎቹ ለዚህ ክብር አይበቁም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1869 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ወህኒ ይወርድ ነበር። ታስሮ እንዴት ሠርቶ እንደሚከፍል የጠየቀ ያለ አይመስልም። ያ ሁሉ ምስኪን በየእስር ቤቱ የማቀቀው አንድ ነገር ስላላወቀ ነው፤ ለመክሰር አስቀድሞ መበልጸግ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ የሕጉ ልብ ራርቷል። አሜሪካ በ1978 ያወጣችው የኪሳራ ሕግ፣ በተለይ ምዕራፍ 11 የሚባለው ክፍሉ፣ የተሰናከለ ኩባንያ ወዲያው ተበልቶ እንዳያልቅ፣ ገንዘብ ጠያቂዎቹ ገታ ብለው ፋታ እንዲሰጡት፣ ሠራተኛውም ሥራውን እንዳያጣ ታስቦ የተጻፈ ነው። ደግ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ደግ ሐሳብ ነው። ደግ ሰው ግን ደጁን አይዘጋም፤ እንግዳም አይመርጥም። ስለዚህ ከወደቁት ይልቅ ያልወደቁት ቀድመው ገቡበት።

የሕግ አክባሪነት አብነት የሚፈልግ ሰው ወደ መኪና አከራዩ ሄርትዝ ይመልከት። በ2020 ወረርሽኙ መንገደኛውን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጠው ኩባንያው በኤፕሪል ወር በሰሜን አሜሪካ 10 ሺህ ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ። ሜይ 19 ቀን ለ340 ኃላፊዎችና ባልደረቦች፣ ጥለውት እንዳይሄዱ፣ 16.2 ሚሊዮን ዶላር የማቆያ ጉርሻ ከፈለ። ሜይ 22 ቀን ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉልኝ። አሜሪካ በ2005 ባሻሻለችው ሕግ፣ የከሰረ ኩባንያ ለአለቆቹ የማቆያ ጉርሻ እንዳይከፍል አጥብቃ ገድባለች። ሕጉ የሚለው «ከከሰራችሁ በኋላ» ነው፤ እነሱም ከመክሰራቸው ከሦስት ቀን በፊት ከፈሉ። ከዚህ በላይ ሕግ ማክበር ከየት ይመጣል? ብቻቸውንም አልነበሩም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳረጋገጠው በ2020 በጀት ዓመት 42 ኩባንያዎች ከመክሰራቸው ጥቂት ቀደም ብለው 165 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲህ ያለ ጉርሻ ለአለቆቻቸው ሰጥተዋል። መርከቧ ስትሰጥም ካፒቴኑ እንዳይወርድ ይለመናል፤ ቀዛፊው ግን ዋና ይለማመድ።

ይህ ግን የጀማሪዎች ሥራ ነው። የጥበቡ ሊቅ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ነው፤ ስለ እሱ ስጽፍ ብዕሬ ይንቀጠቀጣል። ኩባንያው ያመርተው የነበረው የሕፃናት ፓውደር ካንሰር አስያዘን ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ከሰሱት። ኩባንያው ፓውደሩ ጉዳት የለውም ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል፤ መብቱ ነው። ክርክሩን በየችሎቱ እየዞሩ መስማት ግን አድካሚ ነው፤ ገበያ ላይ ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ኩባንያ ደግሞ መድከም አይገባውም።

መፍትሔው ቴክሳስ ተገኘ። በቴክሳስ ሕግ አንድን ኩባንያ በወረቀት ላይ ለሁለት መሰንጠቅ ይቻላል፤ አንዱ ንብረቱን፣ ሌላው ዕዳውን ይወርሳል። በኦክቶበር 2021 ኤልቲኤል የሚባል ልጅ ተወለደ። የፓውደሩ ክስ ሁሉ ለልጁ ተሰጠ። ልጁም እትብቱ ሳይደርቅ፣ በተወለደ በሁለተኛው ቀን፣ ሰሜን ካሮላይና ድረስ ሄዶ ከሰርኩ አለ። ስንት ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ተበድሮና ተሳስቶ የሚደርስበትን ማዕረግ እሱ በአንድ ሌሊት አገኘው። በወላጁ ላይ የተመሠረቱት ክሶችም፣ ወላጁ ሳይከስር፣ ባሉበት ቆሙ። ጠበቆች ይህን ስልት በአንድ የጭፈራ ዓይነት ስም ይጠሩታል። ተገቢ አጠራር ነው፤ ሲጨፈር ቁጭ ብለው የተመለከቱት ከሳሾቹ ብቻ ናቸው።

ሊቅም አንዳንዴ ይሳሳታል። ወላጅ ለልጁ ሲሳሳ፣ ካስፈለገ እስከ 61.5 ቢሊዮን ዶላር ድረስ እደግፈዋለሁ የሚል ቃል አስሮለት ኖሯል። በጃንዋሪ 2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወረቀቱን አገላብጦ፣ ይህን ያህል ገንዘብ የሚጠብቀው ድርጅት ምኑ ነው የተቸገረው ብሎ መዝገቡ እንዲዘጋ ወሰነ። የጨነቀው ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ኤልቲኤል ግን መዝገቡ በተዘጋበት በዚያው ዕለት፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ፣ እንደገና ከሰረ። በዚህኛው ዙር የተገባለትን ቃል ቀነስ አድርገው ነበር፤ ለፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጠቆር ያለ ልብስ እንደሚለበስ ዓይነት። በጁላይ ይህም ውድቅ ሆነ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ሌላ ስም የያዘ ሌላ ልጅ ሂዩስተን ሄዶ ለሦስተኛ ጊዜ ከሰረ። በማርች 2025 መጨረሻ ዳኛው እንደገና እምቢ አሉ።

ያን ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ኩባንያው በቃኝ፣ ከእንግዲህ ክሱን በመደበኛው ችሎት እከራከራለሁ አለና ለዚሁ ጉዳይ በሒሳብ መዝገቡ መጠባበቂያ ብሎ ከያዘው ገንዘብ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ከስሮ ያተረፈ ብዙ አይተናል። መክሰር ተከልክሎ ያተረፈ ግን በእኔ ዕድሜ እሱን ብቻ አየሁ።

የሳክለር ቤተሰብም ሊረሳ አይገባም። ኦክሲኮንቲን የሚባለውን፣ ብዙ ሰው ለሱስ ዳርጓል ተብሎ የተከሰሰበትን የሕመም ማስታገሻ ያመርት የነበረው ፐርዱ ፋርማ በ2019 ሲከስር፣ ባለቤቶቹ ሳክለሮች ቀደም ባሉት ዓመታት ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ አውጥተው ነበር። ቤተሰቡ ራሱ አልከሰረም፤ ሆኖም የከሰረ ሰው የሚያገኘው ምሕረት ቢደርሰው አይጠላም። ከዚያ ገንዘብ እስከ 6 ቢሊዮን እንመልሳለን፣ ማንም ደግሞ እንዳይከሰን አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2024 በአምስት ድምፅ ለአራት፣ ተጎጂዎቹ ሳይስማሙ ያልከሰረን ሰው ከክስ ነጻ ማውጣት ሕጉ አይፈቅድም ብሎ ወሰነ። ዝርዝሩን ለጠበቆች ልተወው፤ የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እምቢታው በተሰማ በወራት ውስጥ የቤተሰቡ መዋጮ እስከ 6.5 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ያ ሁሉ ገንዘብ እስከዚያ ድረስ የት ጠፍቶ እንደነበር ፈላጊዎቹን እናመስግን።

ማመስገን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ ሙያ ውስጥ በሰዓት እየተከፈላቸው ስለሚደክሙት ወገኖች ዝም ማለት ነውር ነው። የከሰረውን የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ የኤፍቲኤክስን ፍርስራሽ እንዲጠርጉ በኖቬምበር 2022 የተሾሙት ሥራ አስኪያጅ በሰዓት 1,300 ዶላር ይታሰብላቸው ነበር፤ የጠበቆቹና የአማካሪዎቹ ሒሳብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ተገቢ ነው፤ ውጤቱን ተመልከቱ። በ2024 የጸደቀው ዕቅድ ለአብዛኞቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ለእያንዳንዱ 100 ዶላር 118 ያህል ይከፍላል። እልል የሚያሰኝ ነው። ታዲያ የሚከፈለው ኩባንያው በከሰረበት ቀን በነበረው ዋጋ ነው። ያን ቀን አንድ ቢትኮይን 17 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ቢትኮይን ያስቀመጠ ሰው ከነወለዱ 20 ሺህ ዶላር ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ዕቅዱ ሲጸድቅ ግን አንዱ ቢትኮይን ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ብልህ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባላል። እዚህ ግን የሰጡትን ይዞ እንዲያመሰግንም ይጠበቅበታል።

እንግሊዞችስ ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2020 ባወጡት ሕግ አንድ የገንዘብ ጠያቂዎች ቡድን በሙሉ እምቢ ቢል እንኳ ፍርድ ቤቱ የዕዳውን ማሸጋሸጊያ ዕቅድ ሊያጸድቅበት ይችላል። የለንደንን ውኃ የሚያቀርበው ቴምስ ዋተር ዕዳው ከ16 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሲደርስ በዚህ ሕግ ተጠልሎ፣ በፌብሩዋሪ 2025 እስከ 3 ቢሊዮን ፓውንድ አዲስ ብድር ተፈቀደለት፤ ወለዱ 9.75 በመቶ ነው። ብድሩ የተፈለገው ቧንቧ ለመጠገን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቀድሞውን ብድር እንዴት አድርጎ እንደማይከፍል ተረጋግቶ የሚያስብበት ጊዜ ለመግዛትም ነው። አዲሶቹ አበዳሪዎች ከቀድሞዎቹ ቀድመው ይከፈላቸዋል፤ አብዛኞቹም ቀድሞውኑ ያበደሩት ናቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዕቅዱን ቢያጸናውም ስለ አማካሪዎቹ ወጪ ያሳሰበው መሆኑን አልደበቀም። በዚሁ ዓመት ደግሞ በሌላ ኩባንያ ጉዳይ፣ ከመልሶ ማደራጀቱ የሚገኘው ጥቅም ለምን ለጥቂቶች ብቻ እንደሚደርስ አስረዱ ብሎ ዕቅዱን ሽሯል። ዳኞች እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ከለመዱ ሙያው ምን ይውጠዋል?

ህንድ በትዕግሥት ትመሰገን። የኪሳራ መዝገብ ቢበዛ በ330 ቀን ይለቅ የሚል ሕግ አላት። ጄት ኤርዌይስ በ2019 በረራ አቁሞ እዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ገባ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተስፋ ቆርጦ ንብረቱ ተሽጦ ይጣራ ያለው በኖቬምበር 2024 ነው። ቀኖቹ ረጃጅሞች ኖረዋል።

በመጨረሻ ስለ ሁለት አሳዛኝ ሰዎች። ቢኤችኤስ የሚባለው የእንግሊዝ የሱቆች ሰንሰለት በ2015 በአንድ ፓውንድ ተሸጠ፤ በዓመቱ ወደቀና 11 ሺህ ያህል ሠራተኞች ሥራ አጡ። በ2024 ፍርድ ቤቱ ከቀድሞዎቹ ዳይሬክተሮች ሁለቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ወሰነ። ጥፋታቸው መክሰራቸው አይደለም፤ መዳን እንደማይቻል ማወቅ ሲገባቸው ሳይከስሩ መቆየታቸው ነው። ሌላው ሁሉ ሳይቸግረው ለመክሰር ሲሽቀዳደም እነሱ ቸግሯቸው ዘገዩ! ፍርዱ እንደተሰማ የሕግ ቢሮዎች መቼ መክሰር እንደሚገባ ለየዳይሬክተሩ ምክር መላክ ጀመሩ። ጥልቅ ምክር የፈለገ ዳይሬክተር በሰዓት ይከፍላል። ሒሳቡ ከኩባንያው ካዝና ይወጣል፤ ካዝናው ባዶ ይሆናል ብሎ ለጠበቃው የሚያስብ ካለ አይጨነቅ፤ እሱ አስቀድሞ ተቀብሏል።